ሞተሪኖ ማለት

የእኛ አገር መካኒክ የመኪናን ሆድ ዕቃ በጣሊያንኛ እንደሚጠራ ያወቅኩት ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያወቅኩትም ከፍዬበት ነው። አዲስ አበባ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቃሉ የፈረንጅ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ለእኛ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱ ፈረንጅ የሚለውን ሌላው የማያውቅ አይመስለንም።

ባለቤቴ መካኒክ ነበር። በደርግ መጨረሻ ግድም በሞያሌ በኩል ተሰደን ወጣን። ደርግ ወድቆ ሌላው ሰው ወደ አገሩ መመለስ ሲጀምር እኛ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይተን ነበርና ቀረን። እሱ ከሱቁ ፊት ለፊት ጭቃው ላይ ተንጋሎ ማታቱ ይጠግናል፣ እኔ ከውስጥ የመኪና ዕቃ እሸጣለሁ። ማታቱ የናይሮቢ ታክሲ ነው፤ ሰው ከመጫኑ ይልቅ ሰው መጠቅጠቁ ያመዝናል።

ያን ጊዜ ከማታቱዎቹ ግማሾቹ በቁልፍ አይነሱም ነበር። ረዳቱ ወርዶ ይገፋል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ያግዘዋል፣ ቢሮ የረፈደበት ሰው ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ይገፋል። ባለቤቴ ይህን ሲያይ ከርሞ አንድ ቀን፣ «እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ሞተሪኖ ነው» አለኝ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ ነው ሞተሪኖ የምንለው። ዱባይ የሚነግድ አንድ የአገራችን ልጅ ያገለገለ ሞተሪኖ በሣጥን ሞልቶ ሊልክልን ተስማማ፤ የነበረንን ሁሉ ሰደድንለት። የአንገት ሀብሌም አብሮ ሄደ። ዕቃው ከገባልን ሱቁ በእግሩ ይቆማል። ካልገባልን የሱቁን ኪራይ እንኳ የምንከፍልበት አልነበረንም።

ዕቃው በባሕር ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ ደግሞ በባቡር ናይሮቢ ደረሰ። ጉምሩክ የሚጨርስልን ትራንዚተር ቢሮው መሃል ከተማ ነበር፤ ስልክ ከጆሮው የማይለይ ኬንያዊ። የዱባዩ ልጅ ደረሰኙ ላይ «ያገለገለ መለዋወጫ» ብቻ ብሎ ስለነበር፣ ትራንዚተሩ መለዋወጫው ምን እንደሆነ ጠየቀን። ባለቤቴ እንግሊዝኛ አይችልም። ይቺን ግን እኔን ሳይጠብቅ «ሞተሪኖ» አለ። ሰውየው እንዴት እንደሚጻፍ ሲጠይቅ ፊደሉን አንድ በአንድ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አገሬ ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ያውም እንዳይሳሳት ብዬ ቀስ አድርጌ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ ከእስክሪብቶ የወጣማ ማን ይመልሰዋል።

ወረቀታችን የደረሰው የጉምሩክ ሹም ከኮቱ ሥር ሹራብ የሚደርብ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ትልቅ ሰው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በተሻለኝ። ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ።

«ማማ» አለኝ፤ እዚያ አገር ባለትዳር ሴትን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «እዚህ ከመዛወሬ በፊት የሠራሁት ባሕሩ ዳር፣ ማሊንዲ ነው። ማሊንዲ ጣሊያን ሞልቷል። ሞተሪኖን አሳምሬ አውቀዋለሁ።»

ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ መሪ እንደያዘ ሰው ግራና ቀኝ አወዛወዛቸው። ለጣሊያን ሞተሪኖ ማለት ትንሽ ሞተር ሳይክል ኖሯል። ስለዚህ በእሱ ቤት እኛ መለዋወጫ ብለን ያስገባነው የተፈታታ ሞተር ሳይክል ነው፤ ቀረጡም የሙሉ ሞተር ሳይክል ነው።

ሳቄ መጣ። እኛ ሞተሪኖ የምንለው ሞተር የሚያስነሳውን ዕቃ መሆኑን አስረዳሁት፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ግን አልመጣልኝም።

«ቃሉ የጣሊያን አይደለም?» አለኝ።

«ነው።»

«ታዲያ እናንተ ከጣሊያኖቹ በልጣችሁ ታውቁታላችሁ?»

ምን ይመለሳል? ጣሊያን አገራችን መጥቶ ቃሉን ጥሎ ሄደ፣ እኛ አንስተን እንደመሰለን ተጠቀምንበት ብዬ ላስረዳው ነው? ቀረጡን ሰምቼ ለባለቤቴ ተረጎምኩለት። ያ ገንዘብ ቢኖረን መጀመሪያውኑ ሱቅ አያስፈልገንም ነበር።

«ሣጥኑ ይከፈትና ይታይ» አልን። ይህን ለማለት ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን የሚመራው ሌላ ሹም ነው፤ ሌላው ሹም ስብሰባ ላይ ነው። «ንጎጃ ኪዶጎ» ይሉናል፤ ጥቂት ጠብቁ ማለት ነው። የናይሮቢ ጥቂት ደግሞ ለጠባቂው ነው እንጂ ለአስጠባቂው አይረዝምም። እኛ በጠበቅን ቁጥር ሣጥኑ ያረፈበት ግቢ ኪራይ ይቆጥርብናል። ባለቤቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ በክብሪት እንጨት ይፍቃል። እኔ በገባ በወጣው ሠራተኛ ላይ አፈጣለሁ። ጥርሴን ስነክስ ከመዋሌ የተነሳ ማታ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

በመጨረሻ ሣጥኑ በሹሙ ፊት ተከፈተ። ሞተሪኖዎቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ባለቤቴ አንዱን አንስቶ በግራ እጁ አቀፈው፤ በቀኝ እጁ ቁልፍ እንደሚያዞር ሆኖ፣ በአፉ የሞተር መነሳት ድምፅ አወጣ። ሕፃን የሚያጫውት ነበር የሚመስለው። ዕቃ ጫኚዎቹ ሳቁ፤ ሹሙም ሳቀ።

«ኦ፣ ስታርተር» አለ።

«አዎ! ስታርተር!» አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ ብዬ ነበር።

ሹሙ ሳቁን ቀስ ብሎ መለሰና መነጽሩን አወለቀ። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» አለኝ፤ በጣም አዝናለሁ ማለት ነው። ወረቀቱ ሞተሪኖ ይላል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ስታርተር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሐሰት ነው። ወረቀቱን ለማረም አስመጪው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ «እያወቅኩ የሐሰት መግለጫ ሰጥቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ መቀጫም ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የመለዋወጫ ቀረጥ ብቻ ይከፈላል፤ መቀጫው ተደምሮም ቢሆን ያ የምንችለው ነበር። አይፈርምም ካለ ወረቀቱ እንዳለ ይጸናል፤ የሞተር ሳይክሉን እንከፍላለን። ሁለቱንም ካላደረግን ጊዜው ሲያልፍ ዕቃው ለሐራጅ ይወጣል።

«ተሳስተናል ብለን ብንጽፍስ?» አልኩት።

ቅጹን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ስህተት የሚባል ነገር የሚሞላበት ቦታ የለውም። «እኔ እናንተን አይቻችኋለሁ፣ አምኛችኋለሁም። ወረቀቱ ግን አላያችሁም» አለኝ።

ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ድረስ ሄደን ጠበቃ አማከርን። ይግባኝ አለ አለን፤ ይግባኙ የሚታየው ግን ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነው። ከሕንጻው ስንወጣ ዝናብ ጀመረ፤ ማታቱ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን ኢስትሊ ገባን። እውነቱን አሳይቶ መረታት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ውሸታሞች ብንሆን እንኳ አንድ የምንይዘው መላ አይጠፋም ነበር።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ «አልፈርምም» አለ።

ይህን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ጴንጤ ናችሁ እየተባልን በምንታሰርበት ዘመን እምነቴን ትቻለሁ ብለህ ፈርም ሲሉት አልፈርምም ብሎ የታሰረ ሰው ነው። እስር ቤት ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ፈርም አላልኩትም፤ ጠባቂው ሲለምነኝ እንኳ አላልኩትም። አሁን ግን አልኩት።

«ፈርም» አልኩት። «ይሄ እምነት አይደለም፤ የመኪና ዕቃ ነው።»

«ዋሽቻለሁ ነው የሚለው።»

«ይበላ።»

«አልዋሸሁማ።»

«እኔም አንተም እግዚአብሔርም እናውቃለን። ሹሙ ራሱ ያውቃል። ለማን ነው የምትጨነቀው?»

ጎረቤታችን፣ ከሞያሌ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ሙስሊም አዛውንት፣ ጭቅጭቃችንን በቆርቆሮው በኩል ሰምተው ኖሮ በማግስቱ ሻይ ይዘው መጡ። ሐጂ ነበር የምንላቸው።

«ልጄ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አሉት። «ፈርመህ ዕቃህን አውጣ። አላህ የሚያየው ልብን ነው።»

«ልቤንስ ይየው ሐጂ» አላቸው ባለቤቴ። «እጄን ምን ላድርገው?»

ሐጂ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። አከራዩ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ተከራይ አስከትሎ ነበር። ሰውየው መደርደሪያዎቼን በስንዝር ለካ፤ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ ይህን ከመኪና ሥር ሆኖ አየ። ወጥቶ እጁን በነዳጅ ታጠበና «ነይ እንሂድ» አለኝ።

ሹሙ ቢሮ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ያዘና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ።»

ተሳስቻለሁ ይላል ብዬ ብነግረው ምን ነበረበት? አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እንግሊዝኛውን አያነብ፣ ሹሙ አማርኛ አይሰማ። ግን እኔን የሚያየው ስንቅ ሳቀብለው በሚያየኝ ዓይን ነበር፤ ያን ዓይን ማታለል አልሆነልኝም።

«እያወቅኩ የሐሰት መግለጫ ሰጥቻለሁ ይላል» አልኩት።

«እያወቅኩ ይላል?»

«እያወቅኩ ይላል።»

ፈረመ። ሹሙ ማኅተሙን መታበትና ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ሞተሪኖዎቹ እንደ ጉድ ተሸጡ። ማታቱ የሚገፋ ሰው በእኛ መንገድ እያነሰ መጣ፤ ኪራዩን ከፈልን፣ ሱቁ በእግሩ ቆመ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸታሙ እኔ እሆናለሁ። የዚያ ወረቀት ነገር ዛሬ ቢነሣ ዛሬም ፈርም ነው የምለው።

የእኛ ኅብረት እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። በወሩ መጀመሪያ የጌታ እራት ይደረጋል፤ ኅብስቱንና ጽዋውን በትሪ ይዘው ከሚያዞሩት አንዱ ባለቤቴ ነው። ከፊርማው በኋላ በመጣው የጌታ እራት ግን ወደ ፊት ሳይወጣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ትሪውን የያዘው ወንድም እኛ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ትንንሾቹን ጽዋዎች አያቸው፤ ምንም ሳያነሣ ወደ እኔ አሳለፈው።

«ምነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዋሽቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» አለኝ። አላዘነም፣ አልተቆጣም፤ ሰዓት ለጠየቀው ሰው እንደሚመልስ ነበር የመለሰልኝ።

ትሪው ጭኔ ላይ ነበር። ከኋላ ያሉት ይጠብቃሉ፤ መዝሙሩ ሊያልቅ ነው። ምን ብዬ እንደምለምነው አሰብኩ፤ የጠፋኝ ቃል ነው። አንዱን ጽዋ አነሣሁና ብቻዬን ጠጣሁ።