ካናዳ ከህንድ ትሰፋለች

ቡሬ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በዚያ ሳምንት ለዘጠነኛ ክፍል ካናዳንና ህንድን እያወዳደርኩ ነበር። ካናዳ በመሬት ስፋት ህንድን ሦስት ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ የህንድ ሕዝብ ደግሞ የካናዳን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ያህላል። ለምን ብዬ ጠየቅሁና መልሱን ራሴው ነገርኳቸው። አብዛኛው የካናዳ መሬት ብርድ ነው፣ አያበቅልም፤ ስፋት ብቻውን ሰው አይመግብም አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ተቀምጣ ትጽፋለች።

ቅዳሜ የአባታችንን መሬት ልንካፈል ገጠር ወረድኩ። ወራሾቹ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። እሱ አባታችንን እስከ መጨረሻው የጦረ፣ ሰባት ልጅ የሚያበላ ገበሬ ነው። እኔ ደሞዝ አለኝ፣ ልጅ የለኝም። ከሁለቱ ማሳዎች ታችኛው ወንዝ ዳር ያለ ለም የበርበሬ መሬት ነው፤ ላይኛው ጭንጫ ነው፣ ሞፈር ይሰብራል።

ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ማሳ ለሁለታችሁም ይድረሳችሁ አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። መሬት መበጣጠስ ጉዳት ነው፣ ይለካና አንድ አንድ ማሳ በዕጣ እንውሰድ ብዬ እንደ ክፍል ውስጥ አስተማርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ቂም ይዤ ነበር፤ ታችኛውን ማሳ ስንት ዓመት ብቻውን በልቶታል እያልኩ። ገመዱን ራሴ ይዤ ለካሁ። ስፋታቸው እኩል ሆነ።

ወንድሜ ገመዱን አየና፣ "ወንድማለም፣ ልኩስ ልክ ነው። የኔ ልጆች ግን ገመድ አይበሉም" አለኝ።

ገመዱን ጠቅልዬ፣ ዕጣው ይጣል አልኩ። እንደ ወጉ ዕጣውን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መጣል ስላለበት፣ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ጠሩ። እሷ ሳትደርስ እሱ የደረቀ የበርበሬ እንጨት፣ እኔ ከኪሴ ጠመኔ ለሽማግሌዎቹ ሰጠን፤ እነሱ አቀበሏት። መጀመሪያ ወደ ላይኛው ማሳ ሄደች። የበርበሬውን እንጨት ጭንጫው ላይ ጥላ ወረደች።

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ ወደ ቤት ተመለሰች። ወንድሜ፣ ይሁን፣ ዕጣ የእግዜር ነው አለ። ያኔ እኔ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። አፌ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠሁ። ሁለቱን አገሮች አወዳድሩ ይላል ጥያቄው። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ጻፈች፦ "ካናዳ በስፋት ትበልጣለች። ግን የሚያበቅለው መሬት ለማን እንደደረሰ ሳይታይ እኩል ነው፣ ይበልጣል ማለት አይቻልም።" ያን የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኳትም። አፈርኩ፣ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

መሬቱን ግን አልመለስኩም። እኔ ማረስ ስለማልችል ታችኛውን ማሳ ወንድሜ በእኩል ያርስልኛል። በየዓመቱ የበርበሬውን ግማሽ በአህያ ጭኖ ቡሬ ድረስ ያመጣል። ጆንያውን ደጄ ላይ ያወርድና፣ ግባ ስለው ሳይገባ፣ "እኩል ነው፣ ለካው" ብሎኝ ይመለሳል።