አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ

መርሳ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ከመለኪያዎች ጋር ትግል ነው፦ ወደ ትንሹ ስትወርዱ በአሥር አባዙ፣ ወደ ትልቁ ስትወጡ ለአሥር አካፍሉ። ዜሮ የሚጥል ተማሪ ያናድደኛል፤ «አንዲት ዜሮ ምን ታመጣለች?» ብሎ የሚከራከረኝ ደግሞ ይብሳል።

ዘንድሮ ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ዝናቡ ቀረ። አባቴ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ያላቸው አንድ ጥማድ መሬት ነው፤ የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው። ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ የማሽላው ቅጠል ተጠቅልሎ አገኘሁት። የእሳቸው ፊት ግን ፈካ ብሏል። ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር የመጣ ባለሙያ ማሳውን አይቶ፣ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ ቢያገኝ ጥቂት ይገፋ ነበር ብሏቸዋል።

«ሚሊ ሜትር ምን ያህል ናት?» አሉኝ።

ከቦርሳዬ ማስመሪያ አውጥቼ አሥሩን አሳየኋቸው። የትንሽ ጣታቸውን ጥፍር አስጠግተው ለኩና ሳቁ።

«ይችው ናት? ለዚች ነው ይህ ሁሉ ዱዓ? ከወንዝ እናመጣታለና። ስንት ጀሪካን ይሆናል? እስቲ አስቢልኝ።»

አሰብኩ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ካሬ ሜትር። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ሊትር ይሆናል፤ አሥሩ አሥር ሊትር። ለጠቅላላው ሃያ አምስት ሺህ ሊትር ማለት ነው። የቤታችን ጀሪካን ሃያ አምስት ሊትር ስለሚይዝ አንድ ሺህ ጀሪካን መጣ። አህያዋ ደግሞ የምትጭነው ሁለት ሁለት ነው። ደግሜ አሰብኩት። ዜሮ በጣሉ ቁጥር ልጆቹን የምቆጣ እኔ፣ ያን ቀን አንዲት ዜሮ በስህተት ጨምሬ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ሒሳቡ ግን ልክ ነበር። እንደዚያ ቀን ሒሳብ ጠልቼ አላውቅም።

«ሺህ ነው፣ አባ።»

«ሺህ?» አሉ። አባቴ መርሳ ገበያ ላይ የተጠራላቸውን ዋጋ እንዳለ ተቀብለው አያውቁም። «አምስት መቶ አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«አንቺ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ? ትንሽ ቀንሽልኝ እንጂ።»

ለራሳቸው ብለው አንድ ነገር ሲለምኑኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ግን ከምኑ ላይ ልቀንስላቸው?

መልሴን ሳይጠብቁ ተነሥተው አህያዋን ጫኑ። ልከለክላቸው አልደፈርኩም፤ ተከትያቸው ወንዝ ወረድኩ። ተመልሰን ሁለቱን ጀሪካን ማሳው ዳር ስናፈስ መሬቱ ወዲያው ዋጠው። የረጠበው ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢሰግድበት አይተርፍም።

አባቴ እርጥቡን አፈር እያዩ፣ «ስንት ቀረን?» አሉኝ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ማለት አቃተኝ።

«ብዙም አልቀረ፣ አባ» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉና አህያዋን ወደ ወንዙ መለሷት።