ከሮቶው ሥር የበቀለው

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ በቆርቆሮው ክፍተት ከሊማሊሞ በኩል የሚመጣው ብርድ ይገባል። ከቢሮዬ የወሰዱኝ «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ብለው ነው። ጥያቄውስ አጭር ነበር፤ እነማንን ታውቂያለሽ የሚል። ስላልመለስኩ እዚያው ከረምኩ።

ከጎኔ የሚተኙት ከቡይት ራስ ወዲያ ካለ መንደር የመጡ አሮጊት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን። ቁስለኛ አክመዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ፖሊሶቹ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያሉ ይሰድቧቸዋል፤ ማን ማን ለመታከም እንደመጣ ስም እንዲያወጡ ይፈልጋሉ። እሳቸው ግን ለፖሊስ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም። በቆጠራ ሰዓት እንኳ እጃቸውን ብቻ ነው የሚያነሱት። ለእኛም ቢሆን የመድኃኒት ስም አይነግሩንም። «መድኃኒት ስሙ ከወጣ ይረክሳል» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ቁርስ ይዞ መጣ። በሽቦው ማዶ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«ልጅቷን ሆዷን እየቆረጣት ስታለቅስ አደረች» አለኝ።

«ጤና ጣቢያስ?»

«መድኃኒት የለም አሉኝ። ጎረቤታችን ግን ጓሯችሁ ያለው ቁጥቋጦ ለቁርጠት ፍቱን ነው ብላኛለች። ከውኃ ሮቶው ሥር ያለውን ማታ ጨምቄ አጠጣታለሁ።»

«የትኛውን ነው ያለችህ?» ከማለቴ ጠባቂው «ሰዓት አልቋል!» ብሎ ወደ ውስጥ ገፋኝ።

እኔም እሱም ደባርቅ የመጣነው በሥራ ዝውውር ነው። የተከራየነው ቤት ጓሮ ቀድሞ የኖሩት ሰዎች በተከሏቸው፣ እኛ በማናውቃቸው ነገሮች የተሞላ ነበር። በበጋ የሞቱ መስለው ክረምት ሲገባ ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። ልነቅላቸው አልጨከንኩም። ባለቤቴ «ስም የለሾችሽን አጠጣሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አሁን ግን ጎረቤቷ ያለችው የቱን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ለእማማ ነገርኳቸው። ተነስተው ቁጭ አሉ።

«እሾህ አለው?»

«የለውም።»

«ቅጠሉን ስትቀነጥሽው ወተት ያወጣል?»

«አላስተዋልኩም።»

«አንች ልጅ፣ በይ አስታውሽ! ሲያረጅስ? ቢጫ ይሆናል ወይስ ይቀላል?»

ዓይኔን ጨፍኜ ጓሮውን ዞርኩት። ከሮቶው ሥር የረገፈው ቅጠል ታየኝ። «ወደ ቀይ ይሄዳል» አልኩ። መርማሪው እንዲህ ስመልስ ቢያየኝ በቀና ነበር።

«ፍየል ትበላዋለች?»

የጎረቤት ፍየሎች አጥር ጥሰው የገቡ ዕለት ትዝ አለኝ። ጎመኑን፣ ጌሾውን፣ የተሰጣ ካልሲ ሳይቀር በልተዋል። ያንን ቁጥቋጦ ግን ዞረውት ነው የሄዱት። እንዲያውም ጠንካራ ተክል ነው ብዬ ወድጄው ነበር።

«እንዳትቀምሰው» አሉ እማማ።

«ምንድን ነው?» ስላቸው ስሙን አልነገሩኝም።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው ሲመጣ ለባለቤቴ መልእክት እንዲያደርስልኝ፣ ቅጠሉን እንዳያጠጣት እንዲነግርልኝ ለመንኩት።

«ቅጠል ስትይ ምን ለማለት ነው? ማንን ልታስጠነቅቂ ነው?»

«ቅጠል ነው! የጓሮ ቅጠል!»

«የምን ቅጠል? ስም የለውም?»

ጠባቂው ጀርባውን ሲሰጠኝ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ፍየለ ፈጅ ነው!»

እማማ ቆመው ነበር። «አንተ ልጅ፣ የገበሬ ልጅ አይደለህም? ፍየል የፈጀ ለሕፃን ይመለሳል? ሂድና ንገርላት!»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ያ ቀን አልመሽ አለ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እማማ እጄን ይዘው «አይዞሽ» ይሉኛል፤ እሳቸውም ግን በሩን ነበር የሚያዩት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጠባቂው መጣ።

«ደርሻለሁ። ጨምቆ አስቀምጦት ነበር፤ እያየሁት ደፋው። ጎረቤታችሁ ያለችው ሌላውን ኖሯል» ብሎኝ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ወሬው ለአለቃው ደርሶ ኖሮ በነጋታው ራሱ መጣ።

«ለካ አፍ አለሽ!» አላቸው እማማን። «እንግዲያው ማን ማን እንደመጣ ትነግሪናለሽ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሱ።

«የቅጠሉን ጠይቀኝ፣ ልጄ፤ አንድ ሳላስቀር እነግርሃለሁ» አሉት። «የሰውን ግን አላውቅም።»

ወሰዷቸው። ወደ እኛ ክፍል አልተመለሱም።

ከተፈታሁ ወዲህ ብዙ አጠያየቅሁ፤ ይኑሩ አይኑሩ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም። በዚያ ቤት ስም መጠየቅ ነውር ሆኖብን ነበር። በቅርቡ ልጄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ አንዲት እናት በጸሎት እንዲያስቡልኝ አንድ ቄስ ለመንኳቸው።

«ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባ።»

ቄሱ ደግመው ሳይጠይቁኝ ጸሎቱን ጀመሩ።