ያልተቆጠረው ስላይድ

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኗን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክላ፣ በሽታ አምጪ እርሾ ከሰው ህዋስ ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ ስትቆጥር ኖራለች። «ይሄም ሥራ ሆኖ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሥራ ነው፤ ያውም ወገብ የሚቆርጥ ሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰው ጉንጭ ውስጥ በቀጭን እንጨት ትንሽ ህዋስ ይፋቅና ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ላይ እርሾ ተጨምሮ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ እየተናጠ ይቆያል። ሌላው ምንም ሳይነካው ለማመሳከሪያ ይቀመጣል። ከዚያ ሁለቱም ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። እንዲያው ተደግፎ የቆመው እርሾ በውሃው ይሄዳል። በገላው ላይ ባሉት ፕሮቲኖች ህዋሱን ቆንጥጦ የያዘው ግን ሙጭጭ ይላል፤ ቢያጥቡት ንቅንቅ የለም። ሲመቸው ደግሞ ክር አውጥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። እሷ ስላይድ በሚሉት ቀጭን መስታወት ላይ አድርጋ የምትቆጥረው ያንን ነው፣ በአንድ ህዋስ ላይ ስንት እንደቀረ። ማመሳከሪያው ላይ እርሾ ከታየ ናሙናው ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል። ደንቡ ይሄ ነው፤ እሷ ደግሞ በደንቡ ቀልድ አታውቅም።

ህዋሱን የምትወስደው ከራሷ አፍ ነበር። አንድ ሰሞን ጥርሷን ታማ መድኃኒት ስትወስድ ግን የራሷ አልሆን አለና ታላቅ እህቷን ለመነች።

እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሽዋን በመርፌዋ ያሳደገች፣ ያስተማረች፣ ለምረቃዋም ቀሚሱን ራሷ ሰፍታ ያለበሰች እሷ ናት። አፍሽን ለሳይንስ ክፈቺ ስትባል በሳቅ ፈነዳች።

«ዕድሜ ልክሽን ወሬ አበዛሽ፣ ዝም በይ ስትይኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ክፈቺው አልሽ?»

በማግስቱ የክት ልብሷን ለብሳ፣ የውሃ ጠርሙሷን ታቅፋ መጣች። «ሰሞኑን ውሃ አልጠግብ ብያለሁ» አለች እየተቀመጠች። ቀሚሷም ሰፍቷት ነበር። ቆጣሪዋ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» ብላ ጉንጯን ፋቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

እህቷ እዚያው ተቀምጣ እየጠበቀቻት ማመሳከሪያውን ስታየው እርሾ ወርሮታል። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ክሩን ዘርግቶ። ሪፖርት የሚገባበት ሳምንት ስለነበር ደሟ ፈላ።

«አፍሽን ሳትጉመጠመጪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ኧረ ተጉመጥምጫለሁ፣ ሚጣዬ...»

«እትዬ፣ እዚህ ላቦራቶሪ ነው! እንዲህ የቆሸሸ አፍ አይቼ አላውቅም!»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ባልደረቦቿ ሁሉ ሰሙ። እህትየዋ መሐረቧን አውጥታ አፏ ላይ አደረገችና ወጣች። ቆጣሪዋ ስላይዱን ጥላ፣ መዝገቡ ላይ «ናሙና ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች።

ሌላ ሰው ቢሆን ስላላወቀ ነው ይባል ነበር። እሷ ግን ታውቃለች። ደሙ ውስጥ ስኳር የበዛ ሰው አፉ ለእርሾ እንደሚመች፣ ጉንጩም አብዝቶ እንደሚይዘው በእጇ ስንት ጊዜ ቆጥራዋለች። እርሾውን እሷ ካልጨመረችው ማን ጨመረው? ይቺን ታህል ጥያቄ አልጠየቀችም።

ከሦስት ዓመት በኋላ እህትየዋ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። የዓይን ሐኪሙ አይቶ አይቶ፣ የስኳር በሽታ ዓይኗን ከውስጥ እንደጎዳው ነገራቸው። «ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ...» አለና ተወው። ቆጣሪዋ ግን ዓረፍተ ነገሩን ለራሷ ጨረሰችው።

አሁን አብረው ይኖራሉ። እህትየዋ ብርሃኗ ጠፍቷል፤ ግን እጇ ሥራ አይፈታም፣ ቁልፍና ጠርዝ በዳሰሳ ትሰፋለች። ቆጣሪዋ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብታ ትራሷ ላይ ትሰካላታለች፣ ጥቁሩን በቀኝ፣ ነጩን በግራ። እየሰካች ያንን ስላይድ ታስባለች። ልንገራት ትላለች፤ ከነገርኳትስ ከእኔ ጋር መኖር ትችላለች ወይ ትላለች። ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስትብሰለሰል ከረመች።

አንድ እሁድ ረፋድ ላይ አልቻለችም፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። አይቼው ነበር፣ በእጄ ይዤው ጣልኩት፣ ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች።

እህትየዋ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አራት ጊዜ ነበር የተጉመጠመጥኩት» አለች። «ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ...»

«ቆይ ላውራ። ከዚያ በኋላ ምላሴ ነጭ ሆኖ አቃጠለኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር እኮ። ነርሷ አፍሽን ክፈቺ ስትለኝ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ሰውነቴ ሁሉ አፈረ። ለሌላ ነው የመጣሁት ብያት ተመለስኩ።»

ይህንን ቆጣሪዋ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የጣለቻት መስሏት ነበር፤ ሁለት ጊዜ መሆኑን አሁን ነው የሰማችው።

እህትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና አፏን ከፈተች። «እስቲ እዪው አሁን።»

ቆጣሪዋ ተጠግታ አየች። እህቷ የስኳር መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ነጭ ነገር የለም፤ ምላሷም ጉንጯም ጤነኛ ነው።

«ንጹህ ነው፣ እትዬ። ምንም የለበትም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እናታችንን!»

እህትየዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ከዚያ ግን እጇ በዳሰሳ መሐረቧን ከጉያዋ አወጣና አፏን ሸፈነ።