የምትቸኩል ተከላካይ

ክለቡ ውሌን ሳያድስልኝ የቀረው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። በአንድ የውድድር ዓመት ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም ጎል ሆነዋል። የመሃል ተከላካይ ነኝ። አጥቂ ኳስ ይዛ ስትመጣብኝ ቆሜ ማየት አልችልም፤ እግሬ ቀድሞኝ ይገባል። አሰልጣኙ ሲያሰናብተኝ ብዙ አላወራም። «ጉልበትሽ ጥሩ ነው፣ ፍጥነትሽ ጥሩ ነው። ትቸኩያለሽ» አለኝ። ሌላ ክለብ እንዲወስደኝ ክረምቱን ሙሉ ስልክ ስደውል ከረምኩ። የሚፈልገኝ ጠፋ። መስከረም ላይ ታኬታዬን በሻንጣ ከትቼ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ግን መጫወት አቆማለሁ ብዬ አልተመለስኩም። ለግማሽ ዓመቱ ዝውውር አንድ ክለብ ውስጥ እገባለሁ ብዬ ነው።

ቤታችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። ከሚኒባስ ስወርድ አብሮኝ የተማረ ባጃጅ ነጂ ከሩቅ አይቶኝ፣ «ኧረ ፕሮፌሽናሏ መጣች! ለእረፍት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ተባርሬ ነው» አልኩት።

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ በነጻ ቤት ድረስ አደረሰኝ። እውነቱን ቶሎ መናገር አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል።

ለአባቴም እንዲሁ ነገርኩት። አባቴ እንደ አካባቢያችን ሰው ማሳው ላይ ዲከረንስ ይተክላል፤ ዛፉ ሲደርስ ይቆርጥና ከሰል ያከስላል። ስለ እግር ኳስ የሚያውቀው ልጁን ከቤት እንደወሰደበት ብቻ ነው። አዳመጠኝና፣ «እንግዲያ ነገ እንጨት ትከምሪያለሽ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ከሰል ሲከስል ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፣ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ይለኮሳል። ከተለኮሰ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። አፈሩ ሲሰነጠቅ መድፈን፣ ጭሱን ማየት፣ እንደገና መጠበቅ። ቀናት ይፈጃል። ለእኔ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

ጥቅምት ላይ አባቴ አዘና ወደምትባል ከተማ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ሲወጣ፣ «ሐሙስ እመለሳለሁ። እኔ ሳልመጣ ክምሩን እንዳትነኪው» አለኝ። ረቡዕ ጠዋት ጭሱ ጠፋ። አፈሩን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። አባቴ ሲመጣ ከሰሉን በጆንያ ሞልቼ ባሳየው ምን ይላል ብዬ አሰብኩና በአንድ በኩል አፈሩን በአካፋ ገፈፍኩት። መጀመሪያ ጥቁር፣ የሚያምር ከሰል ታየኝ። ከዚያ ነፋስ ገባ። ከሰሉ ቀላ፣ ወዲያው ነደደ።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ባልዲ ይዛ ከጓሮ ሮጣ መጣች። «አንቺ የማታርፊ! አንድ ቀን እንኳ እጅሽን ብትሰበስቢው ምን ይልሻል!» እያለች ውሃ ትደፋለች፣ እኔ አፈር እመልሳለሁ። አጥፍተን ስንጨርስ የክምሩ ሲሶ አመድ ሆኗል።

አባቴ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአገውኛ ነው። ሲቆጣ ግን ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የገባ ይመስል። ሐሙስ መጥቶ አመዱን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገው።

«ጭሱ ሲጠፋ እሳቱም ጠፋ ያለሽ ማን ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

አሰልጣኙና አባቴ ተያይተው አያውቁም። ሁለቱም ያንኑ ቃል ሲሉኝ ደሜ ፈላ፤ በእነሱ አይደለም፣ በራሴ። ከሰል ትዕግሥት አስተማረኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይል ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ያስተማረኝ ነገር የለም። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ችግሩ ሜዳ ላይ ጥዬው የምወጣው አይደለም፣ ቤትም ይከተለኛል። ያ ደግሞ አስፈራኝ።

በማግስቱ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቴ ሄጄ የስፖርት መምህራችንን አገኘኋቸው።

«ቲቸር፣ መቸኮል ያስተዉኝ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ዘጠነኛ ክፍል እያለሽም የፈተና ወረቀቷን ቀድማ ሰጥታ የምትወጣው አንቺ ነበርሽ። ስንት ታመጪ እንደነበር ደግሞ አልረሳሁም። ነገ ማለዳ ነይ።»

ማለዳ ከትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ጋር አቆሙኝና አንድ አሮጌ ማሊያ ሰጡኝ። ማሊያውን በሁለት እጄ ከጀርባዬ መያዝ አለብኝ። አጥቂ ስትመጣብኝ ኳሱን መንካት ክልክል ነው። ፊቷ ሆኜ ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ መንገዱን መዝጋት፣ ወደ ሜዳው ጠርዝ መግፋት ብቻ። ኳሱ ከእግሯ ከራቀ ያኔ መውሰድ እችላለሁ። ካልራቀ የለም።

መላ ሰውነቴን አሳከከኝ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል አጥቂ ኳሱን ፊቴ ላይ እያንከባለለች፣ «እታለም፣ ፖሊስ ይዞሽ ነው?» ትለኛለች። ጓደኞቿ ይንከተከታሉ። ዘልዬ ልገባባት ስል ቲቸር ፊሽካቸውን ይነፋሉ። «እንደገና!» በመጀመሪያው ሳምንት ከዚያ ፊሽካ በቀር የሰማሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ ማሊያውን መሬት ላይ ወርውሬ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ሜዳው ላይ ተገኝቻለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለቁ።

ጥር ላይ ቲቸር ወሬ ይዘው መጡ። አንድ ክለብ የመሃል ተከላካይ ፈልጎ እንጅባራ ላይ ሙከራ ሊያደርግ ነው። የሚፈልገው አንዲት ብቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ስደርስ ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር፤ ለዚያች አንድ ቦታ አሥራ አንድ ተከላካዮች መጥተናል። የክለቡ አሰልጣኝ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው፣ ደብተር ይዘው መስመሩ ላይ ቆመዋል። ክለቡ ካመጣቸው አጥቂዎች ጋር ደልድለው አጋጠሙን።

የመጀመሪያው ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ያን ሁሉ ማለዳ ረሳሁት። ዘልዬ ገባሁ። አጥቂዋ ኳሱን በጎኔ አሳልፋ ሄደች፤ ጎል። እኔ ሣሩ ላይ ተዘርግቼ ሰማይ አያለሁ። አሰልጣኟ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ተነሳሁ። «ሁለተኛ አልወድቅም!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ስለነበር አጠገቤ ያለችው ተከላካይ ደንግጣ አየችኝ። ያቺው አጥቂ መልሳ መጣች። በቀኝ ታታልላለች፣ በግራ ታታልላለች፤ እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጠርዝ። እግሬ ይበላኛል፣ አልሰድም።

«ነይ እንጂ! ፈራሽ?» አለችኝ።

«ቀኑ ገና ነው» አልኳት።

ኳሱ ከእግሯ አንድ ክንድ ያህል ራቀ። ወሰድኩት። ቀጥላ ስትመጣ ገፍቼ ገፍቼ ከነኳሷ ከሜዳ አስወጣኋት። በመጨረሻ እኔን ስታይ ኳሱን ወደ ኋላ ማቀበል ጀመረች፤ ከዚያም ጨርሳ በእኔ በኩል መምጣት ተወች።

ሲያልቅ አሰልጣኟ አንድ በአንድ እየጠሩ ያነጋግሩን ጀመር። ከፊቴ ተሰልፋ የነበረችው ልጅ ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ ከክለቤ መባረሬን ነገርኳት። «ጉዳት ላይ ነበርኩ በያቸው፤ የተባረረ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብላ መከረችኝ። ተራዬ ደረሰ።

«ከክለብሽ ለምን ወጣሽ?»

«ሦስት ፍጹም ቅጣት ምት አሰጥቼ። እቸኩላለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁንስ?»

«አሁንም። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቸኮልኩት። አይተውታል።»

«አይቼዋለሁ። ጎል ሆኗል።»

«ከዚያ በኋላ ያለውንስ ጽፈውታል?»

ደብተሩን አጠፉት። የሆነ ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ሄደ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። «ሰኞ ካምፕ ትገቢያለሽ። ስድስት ወር። የምትጀምሪው ከተቀያሪ ወንበር ነው።»

«ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም።»

«ትችያለሽ» አሉና ቀጣይዋን ጠሩ።

ለአባቴ ስነግረው፣ «ከስድስት ወሩ በኋላስ?» አለ፣ በአገውኛ። «ያድሱልኛል፣ ወይም ሌላ ክለብ እፈልጋለሁ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣልኝ።

አራት ጨዋታ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እየጨበጥኩ አየሁ። በአምስተኛው አንድ ለባዶ እየመራን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር የመሃል ተከላካያችን እግሯን ይዛ ወደቀች። አሰልጣኟ ወደ እኔ ዞር ብለው በእጃቸው ብቻ ጠሩኝ። ገባሁ።

ሊያልቅ ሲል አንዲት ቁመተ ረጅም አጥቂ ኳስ ይዛ ፍጹም ቅጣት ክልላችን ውስጥ ገባች። በእሷና በበረኛችን መሃል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ንጠቂያት! ንጠቂያት!» ትላለች በረኛዋ ከኋላዬ። አልነጠቅኳትም። አፈገፈግኩ፤ ወደ ግራ ገፋኋት፤ የምትመታበት ቦታ እየጠበበ ሲሄድ በቀረላት ጠባብ ክፍተት መታች። ኳሱ ከቋሚው ውጭ ወጣ።

በረኛዋ እየጮኸች ወደ እኔ መጣች። «ልቤን ልታቆሚው ነው እንዴ? ምነው አትገቢባትም?»

«ገብቼ አውቃለሁ» አልኳት። «ኳሱን አስቀምጪና ምቺ።»