በፈረስ የተቀበልነው አውሮፕላን

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ቀደም ብሎ የወጣበት፣ ገብሱ ሸጋ ሆኖ የያዘበት ዓመት እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ጢሜም ገና ማቀምቀሙ ነበር።

ያስታወሰኝ ራዲዮ ነው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ልጄ ሆስፒታል ሥራ ትገባለች፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ቤቱ ጭር ይላል። ከዚያ በኋላ የሚያናግረኝ ራዲዮው ብቻ ነው። በቀደም ስለ አውሮፕላን ንግድ ሲወያዩ ሰማሁ። ነዳጁ ተወዷል፣ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ወንበሩ ካልሞላ ኪሳራ ነው ይላሉ። ወደፊት ደግሞ ለትናንሽ ከተሞች የሚሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ይመጣል አሉ። «ወንበሩ ካልሞላ» የምትለዋን ስሰማ ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ይህችን ነገር አውቃታለሁ።

ከሊማሊሞ አፋፍ ወዲህ ባለች አንዲት የደጋ ከተማ ዳር የሣር ሜዳ ነበረ። ሐሙስ ሐሙስ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ያርፍበታል። እኔ የሜዳው ዘበኛ ነበርሁ። ሥራዬ ከብት ማባረር፣ ፍልፈል የቆፈረውን መድፈን፣ የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ እርጥብ ሣር አጭሶ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ማሳየት ነው። የማድረውም እዚያው፣ ሜዳው ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ወላጆቼ በልጅነቴ አርፈዋል፤ ዘመድ የምለውም ሩቅ ነው። በሌላው ቀን ከነፋሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። ደጋ ላይ ነፋስ ሲያፏጭ ሰው የጠራህ ይመስልሃል፤ ስንት ጊዜ «አቤት» ብዬ ወጥቻለሁ።

ሐሙስ ግን ሌላ ነው። የአየር መንገዱ ወኪል አያ ፈንታ ተሳፋሪውን ከነጓዙ ሚዛን ላይ ያቆመዋል፤ ሰው እንደ በርበሬ ይመዘናል። ሴቶቹ ክብደታቸው እንዳይነበብ የሚዛኑን ፊት በነጠላቸው ይሸፍኑታል። እዚያ ቆሎና ጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ቆሎዬን ስትቆረጥሚ ያላፈርሽ አሁን ታፍሪያለሽ?» ስትላቸው ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። እኔ እትዬ እላታለሁ። ከሰፌዷ እፍኝ ሳትሰጠኝ ሄዳ አታውቅም።

በዚያ ዓመት መንገዱ ተጠገነና አውቶቡስ በየቀኑ መውጣት ጀመረ። አቧራው ቢያንቅም ዋጋው ይቀላል፤ በግም ይጭናል። አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞ መመለስ አበዛ። አንድ ቀን አያ ፈንታ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«በሚመጣው ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሹም ይመጣል» አለኝ። «ሜዳውንም ገበያውንም ያያል። ከወደደ ይቀጥላል፣ ካልወደደ በቃ።»

«በቃ ከሆነ እኔ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እኔስ ብሆን?» አለ።

ወሬው ከተማው ገባ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና እንግዳውን በወግ ሊቀበሉት ተስማሙ። አክብሮታችንን ካየ እንዴት ጨክኖ አውሮፕላኑን ይነሳናል አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ሞላ።

ሐሙስ ጠዋት አገሩ በሙሉ ወጣ። ካህናቱ ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን አጥበው ለብሰዋል። አያ ጎሹ የሚባለው የታወቀ ፈረሰኛ ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ፈረሱን ሸልሞ መጣ።

«አያ ጎሹ፣ ከዳር ቁሙልኝ» አልሁ። «መሬት እስኪይዝ ብቻ።»

«ምነው! እንግዳ ሲመጣ እንደ ባዳ ከዳር ቆሞ ማየት የት አገር ነው?»

ዱላዬን ባነሳ አንዲት ሴት «እንዴት ያለው ነው! ከብት መሰልነው እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ።

እንደምንም ከዳር አቆምኋቸው። ጭሱን ለኮስሁ። አውሮፕላኑ ከተራራው ወዲህ ብቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ጎማውም ታየኝ። ይኼኔ አያ ጎሹ «በል እንሂድ!» አለ። ሙሽራም ሆነ ሹም ሲመጣ ፈረሰኛ ወጥቶ፣ ጋልቦ፣ አጅቦ ነው የሚያስገባው። እነሱም ያንኑ አደረጉ። ፈረሶቹ ሜዳው መሀል ገብተው ወደ አውሮፕላኑ ጋለቡ።

ሞተሩ አጓራና ሽቅብ ወጣ።

«አያችሁ! ከፍ ብሎ እጅ ነሳን!» አለ አያ ጎሹ። እልልታው ቀለጠ። አውሮፕላኑ ዞሮ መጣ፤ እነሱም ዳግመኛ ጋልበው ወጡ። እየሮጥሁ፣ እየጮህሁ ልመልሳቸው ብሞክር በእልልታው ውስጥ ማን ይስማኝ? አውሮፕላኑ አንዴ ደግሞ ከዞረ በኋላ አፍንጫውን ወደ ጎንደር መለሰ። ሰዉ አውሮፕላኑ እስኪሰወር ድረስ እጁን ያውለበልብለት ነበር። አያ ፈንታ ብቻ ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን አልመጣም። ፈረሶቹ ናቸው ያስቀሩት ወይስ ባዶው ወንበር፣ የነገረን የለም። አያ ፈንታ ሚዛኑን አስጭኖ ወደ አገሩ ገባ። እኔን ሂድ ያለኝም፣ ቆይ ያለኝም የለም፤ ስለዚህ ቆየሁ። ከብት አባርራለሁ፣ ጉድጓድ እደፍናለሁ፣ ሐሙስ ሲሆን እርጥብ ሣር ሰብስቤ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። በጋው እንዲህ አለፈ። ካለመናገር ብዛት ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

አንድ ቀን እትዬ ሰፌዷን ታቅፋ መጣች። እሷ ገበያዋን ወደ አውቶቡሱ መናኸሪያ ካዞረች ቆይታለች።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ምናልባት ሐሙስ...»

«ሐሙስማ ይመጣል። የማይመጣው አውሮፕላኑ ነው።»

መናኸሪያ ጓዝ የሚጭን ሰው ፈልገው ስለ እኔ እንደነገረቻቸው አጫወተችኝ። «አልሄድም» አልሁ፤ ተቆጣሁም። አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ። ልጆቼም ራታቸውን ሳይበሉ ይደሩ፤ አንተ ታውቃለህ።»

ፀሐዩ አዘቀዘቀ፣ ብርዱ መጣ፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ብርድ ልብሴን አጣጥፌ ተነሣሁ።

እስክሸመግል ድረስ የአውቶቡስ ጣራ ላይ ጓዝ ጫንሁ፣ ሰው ለመድሁ፣ ትዳር ያዝሁ። አሁን ከጎንደር አውሮፕላን ሲነሣ ከበረንዳው ሆኜ አየዋለሁ። ያ ትንሹ አውሮፕላንም ይምጣ፤ ለደጋ ሰው ሸጋ ነገር ነው። ንግዱ ሲከፋ ግን አውሮፕላኑ በርሮ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ሜዳው ዳር የቀረ ሰው መብረር አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው አጠገቡ የሚቀመጥለት ይፈልጋል። እኔ አግኝቻለሁ። እትዬ ዘርፌ ትባል ነበር።