«ማን» በማራቲ

አትላንታ ዳር፣ ደንዉዲ የምንከባከባቸው እማማ ህንዳዊት ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጥርግ ብሎ ጠፍቶ ማራቲ ብቻ ቀራቸው፤ እሱም አንዳንድ ቃል። ማራቲ የሚባል ቋንቋ መኖሩን የሰማሁት እዚያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነው። ህንድ ሁሉ አንድ ቋንቋ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። እኛን ግን «ኢትዮጵያኛ ትናገራላችሁ?» ሲሉን ደሜ ይፈላል።

ያስተማረችኝ ልጃቸው ናት። እዚሁ አትላንታ ስላደገች ማራቲዋ የሕፃን ማራቲ ነው። ጠዋት ወደ ቢሮዋ ከመሄዷ በፊት ኩሽና ቆመን አፍንጫ ናክ፣ ጆሮ ካን፣ ሆድ ፖት እያለች ታስጠናኛለች። ጉልበት ጉድጋ ነው ስትለኝ፣ በእማማ ዕድሜስ እውነትም ጉድ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ የዘለለ ብዙም አታውቅም።

መከራችን ፀጉር ማጠብ ነበር። ጭንቅላታቸውን ወደ ሲንኩ ወደ ኋላ ሳዘነብለው ያለቅሳሉ፣ በደህናው እጃቸው ይመቱኛል፣ «ማን፣ ማን» ይላሉ። አማርኛ አለመሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ጆሮ ምን ያርግ? «እኔ ነኝ እማማ፣ አይዞዎት» እላቸዋለሁ። ይብስባቸዋል።

ለልጃቸው ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ማን ማለት ክብር ነው አለችኝ። እሑድ ራሷ ልታጥባቸው ሞከረች፤ እሷንም መቷት፣ «ማን» አሏት። ልጄ ፊት ተዋረድኩ ማለቷ ነው ብላ ደመደመች። ቢያንስ እኔ የማላያት ቦታ ትሁን ብላ ነርሲንግ ሆም አናገረች፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሊወስዷቸው ተስማሙ። እኔማ አንጀቴ አረረ። እንደ እናቴ በያዝኳቸው ክብር ነኪ ልባል? ግን ምን እላለሁ፣ ቋንቋው የእሷ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ እያጎረስኳቸው ነበር። ሌሊት አጉል ተኝቼ ኖሮ አንገቴ ደርቆብኝ አሻሸዋለሁ። እማማ ሲያዩኝ ቆዩና እጃቸውን ዘርግተው አንገቴን ያዙ። «ማን» አሉ፣ በሐዘኔታ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ራሳቸው አንገት ወሰዱት። «ማን።» ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ወዲያው ልጃቸው ጋ ደወልኩ።

«ማን አንገት ነው» አልኳት። «አንገታቸውን ነው የሚያማቸው።»

 ስታለቅስ ሰማሁ። ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው አላውቅም ነበር አለችኝ። ሥራዋን ጥላ መጣች።

ያን ቀን ፀጉራቸውን ወደ ፊት አስጎንብሰን አጠብናቸው፤ እኔ ግንባራቸውን በፎጣ ደግፌ፣ እሷ ውኃ እያፈሰሰች። አልመቱንም። ሲያበቃ ልጅቷ ስልኳን አንስታ የሰኞውን ካንስል አደረገች። ከዚያ፣ ሽበት የጀመራት ሴትዮ፣ እናቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ የራሷን ትከሻ ነካች።

«ይሄስ እማ?»

«ካንዳ» አሉ እማማ።

ደገመችው፤ አልሆነላትም። እማማ ጣታቸውን ከንፈሯ ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ እንደገና አሉላት።